ደረቅ ጥያቄ፣ እርጥብ ጋዝ

ጋዝን ከጋዝ መለየት ከባድ ሥራ ነው። ሁለት ጋዞች አንዴ ከተቀላቀሉ በራሳቸው ጊዜ አይለያዩም። መልሶ ለመለየት ጉልበት ይጠይቃል፣ ያውም ብዙ ጉልበት። ፕሮፒሊንን እንውሰድ። የስንቱ ፕላስቲክ መነሻ ነው፤ ሲመረት ግን ከፕሮፔን ጋር ተደባልቆ ነው የሚወጣው። የሁለቱ የመፍያ ሙቀት በጣም ይቀራረባል፦ ፕሮፒሊን ከዜሮ በታች በ47.6 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፕሮፔን ደግሞ ከዜሮ በታች በ42.1 ዲግሪ ይፈላሉ። ይቺን የአምስት ዲግሪ ተኩል ልዩነት ይዞ ለመለየት ከመቶ በላይ ትሪዎች የተደረደሩባቸው ረጃጅም ማማዎች ይቆማሉ፤ እዚያ ውስጥ ደጋግሞ ማፍላት፣ ደጋግሞ ማቀዝቀዝ ነው። ዴቪድ ሾልና ራያን ላይቭሊ የተባሉ ሁለት ኬሚካል ኢንጂነሮች በ2016 እንደጻፉት፣ ዓለም ከምትጠቀመው ኃይል ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው እንዲህ የተደባለቁ ነገሮችን ለመለየት ብቻ ይውላል። ይህን ቁጥር ካነበብኩ በኋላ የማማዎቹን ፎቶ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ሌላ መንገድ አለ። ማፍላቱን ትቶ ቀዳዳ ባለው ቁስ ውስጥ ማሳለፍ። አንደኛው ጋዝ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ሌላው ያልፋል። ከዚያ ግፊቱን ዝቅ ወይም ሙቀቱን ከፍ ስታደርጉ የተጣበቀው ይለቃል፣ ቁሱም ለሌላ ዙር ዝግጁ ይሆናል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ችግሩ ጋዞቹ በመጠን እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የላቸውም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ወርዱ 3.3 አንግስትሮም ነው፣ የናይትሮጅን 3.64፣ የሚቴን 3.8። አንግስትሮም ማለት ደግሞ የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ ቁሱ እንደ ወንፊት ትልቁን አስቀርቶ ትንሹን ቢያሳልፍ ብቻ አይበቃም። ግድግዳው ራሱ አንዱን ጋዝ ከሌላው አስበልጦ መሳብ አለበት። በጣም ከሳበ ግን አልለቅም ይላል፣ ያኔ ለማስለቀቅ የሚወጣው ኃይል ትርፉን ይበላዋል።

እኔ የምሠራው በዚሁ ፍለጋ ላይ ነው። ላብራቶሪ ገብቼ ዱቄት አልቀምምም። ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሺህ ቁሶችን እየደረደርኩ የትኛው የትኛውን ጋዝ እንደሚይዝ አሰላለሁ፣ የማይሆኑትን አወጣለሁ፣ የቀሩትን ዱቄት ለሚቀምሙት ሰዎች አስረክባለሁ። በጅምላ ማጣራት እንበለው። ዛሬ የምጽፈው የዚህ ሥራ ውጤት ሆኖ ስለሚወጣው ዝርዝር ነው። «ምርጥ 50 ቁሶች» የሚል ዝርዝር ሁልጊዜ ይወጣል፣ ሰውም እንደ ውድድር ውጤት ያነበዋል። እኔ ግን ዝርዝሩን ከማየቴ በፊት የተጠየቀውን ጥያቄ ማየት እፈልጋለሁ። ማሽኑ የሚመልሰው የጠየቁትን ብቻ ነው፤ ከጥያቄው የቀረ ነገር ከዝርዝሩም ይቀራል፣ እና ብዙ ጊዜ ቁሱን ፋብሪካ ላይ የሚጥለው ያው የቀረው ነገር ነው።

ቁሶቹን ላስተዋውቃችሁ። ሜታል-ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ ይባላሉ፣ እኛ በአጭሩ ሞፍ እንላቸዋለን። የብረት አቶሞች ማዕዘን ላይ ይቆማሉ፣ በካርቦን የተሠሩ ረጃጅም ሞለኪውሎች ከብረት ወደ ብረት ይዘረጋሉ፣ በመሃል ባዶ ክፍል ይቀራል። ይሄው መዋቅር በሦስቱም አቅጣጫ ይደጋገማል። ሪቻርድ ሮብሰን በ1989 የመዳብ አየኖችን አራት ክንድ ካለው ሞለኪውል ጋር አገጣጥሞ እንዲህ ያለ ሰፊ ክሪስታል ሠራ፤ ግን በቀላሉ የሚፈርስ ነበር። ሱሱሙ ኪታጋዋ በ1990ዎቹ ጋዝ ገብቶ መውጣት እንደሚችል አሳየ። ኦማር ያጊ በ1999 ሞፍ-5ን አወጣ፤ እሱ እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ እንኳ አልፈረሰም። ሦስቱ በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋርተዋል። የዚያን ቀን ደስታዬ የራሴ ዘመድ የተሸለመ ያህል ነበር፣ አልዋሽም።

የሞፍ ውበቱም ጣጣውም አንድ ነው፤ ብረቱን ብትቀይሩ ሌላ ቁስ ነው፣ አገናኙን ሞለኪውል ብታስረዝሙ ሌላ ቁስ ነው፣ አገናኙ ላይ አንዲት የአቶም ቡድን ብትለጥፉ እንደገና ሌላ ቁስ ነው። በእውን ተሠርተው መዋቅራቸው የተመዘገበው ብቻ ከ100,000 በላይ ናቸው። ገና ያልተሠሩት ቁጥራቸው ወሰን የለውም ማለት ይቻላል። በ2012 ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሪስቶፈር ዊልመርና ባልደረቦቹ 102 ክፍሎችን ብቻ ይዘው ኮምፒውተር ላይ እያገጣጠሙ 137,953 ያልተሠሩ ሞፎችን ሳሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ምን ያህል ሚቴን እንደሚይዙ አሰሉ። ከ300 የሚበልጡት በዚያ ዘመን ከሚታወቀው ቁስ ሁሉ የተሻለ ሚቴን ይይዛሉ የሚል ትንበያ ወጣ። አስቡት፣ አንድ ኬሚስት አንዱን ሞፍ ለመሥራት፣ ለማጽዳትና ለመለካት ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። መቶ ሺሁን በእጅ መሞከር የማይታሰብ ነው።

ኮምፒውተሩ አንዱን ቁስ እንዴት እንደሚፈትን ጠጋ ብለን እንይ። መጀመሪያ የክሪስታሉ ፋይል ይከፈታል፦ የአቶሞች ዝርዝር ነው፣ እያንዳንዱ አቶም ከነቦታው። ቀጥሎ በእያንዳንዱ አቶምና በጋዙ መሃል ያለውን መሳሳብና መገፋፋት የሚገልጹ ቀመሮች ይጫናሉ። ከዚያ ፕሮግራሙ አንድ የጋዝ ሞለኪውል ቀዳዳው ውስጥ በዘፈቀደ ያስቀምጣል። እዚህ ቢሆን ኃይሉ ስንት ነው? ይጽፋል። ያነሳውና ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። እዚያስ? አብዛኛው ሙከራ ግድግዳው ላይ ስለሚወድቅ ዋጋ የለውም። አንዳንዴ ግን ሞለኪውሉ ሁለት ግድግዳዎች የሚቀራረቡበት ጥግ ውስጥ ልክክ ይልና ኃይሉ በጥልቀት ይወርዳል፣ ማለትም በደንብ ተስቧል። እንዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች ተሞክረው አማካዩ ሲወሰድ ጋዙ በዝቅተኛ ግፊት ምን ያህል እንደሚሳብ ይታወቃል። ይህ የዊዶም ዘዴ ይባላል። ፈጣን ነው፣ ለአንድ ቁስ ደቂቃዎች ይበቁታል። ከፍ ያለ ግፊት ላይ ያለውን ለማወቅ ደግሞ ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ዘዴ አለ፤ ሞለኪውሎችን እያስገባ፣ እያወጣ፣ እያዞረ፣ ሚዛኑ እስኪረጋ ይቀጥላል። እሱ ቀስ ያለ ነው። ስለዚህ በደረጃ እናጣራለን። መጀመሪያ ቀዳዳቸው ከጋዙ የሚጠብ ይወጣሉ፣ ይህ በጂኦሜትሪ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ቀጥሎ በዊዶም። በመጨረሻ ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ከባዱ ስሌት ይገባሉ።

ይህ አካሄድ አምሮበት ያየሁት ዜኖንና ክሪፕቶን ላይ ነው። ያገለገለ የኑክሊየር ነዳጅ መልሶ ሲጣራ ሁለቱም ጋዞች ከሌላ ብዙ አየር ጋር ተቀላቅለው በጥቂቱ ይወጣሉ። ክሪፕቶን-85 ጨረር አለው፣ ግማሽ ዕድሜው ወደ 10.8 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ዝም ብሎ መልቀቅ አይቻልም። ዜኖኑ ደግሞ ውድ ነው፤ ለማደንዘዣና ለሳተላይት ሞተር ይፈለጋል። የተለመደው መንገድ እስኪፈሱ ድረስ አቀዝቅዞ መለየት ነው፣ ያ ብዙ ኃይል ይበላል። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት 125,000 ገደማ ሞፎችን በኮምፒውተር አጣርቶ ከላይ ከተቀመጡት አንዱን መረጠ፣ ኤስቢሞፍ-1 የሚባለውን። ብረቱ ካልሲየም ነው። የቀዳዳው ስፋት ከዜኖን አቶም በጥቂቱ ብቻ ስለሚበልጥ ግድግዳው ዜኖኑን ከየአቅጣጫው ያቅፈዋል፤ ክሪፕቶን አነስ ስለሚል ያን ያህል አይታቀፍም። ቁሱን ላብራቶሪ ውስጥ ሠርተው ሲለኩት እንደተተነበየው ዜኖኑን መርጦ ያዘ። እርጥበት ባለበት እንኳ ሥራውን አላቆመም።

ለምን እዚህ ሠራ? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛ፣ ዜኖንና ክሪፕቶን ኖብል ጋዞች ናቸው፤ ክብ ናቸው፣ ቻርጅ የላቸውም፣ ከማንም ጋር ኬሚካዊ ቦንድ ለመፍጠር አይቸኩሉም። እነሱን ለመግለጽ የምንጠቀምባቸው ቀላል ቀመሮች በእርግጥም ይገልጿቸዋል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከሞላ ጎደል ሙሉ ነበር። ማሽኑ የተጠየቀውና ቁሱ በእውን የገጠመው ነገር ይመሳሰላሉ። ይሄ በየጋዙ የሚገኝ ዕድል አይደለም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋ ስንመጣ ታሪኩ ይቀየራል። ከድንጋይ ከሰል ማመንጫ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መያዝ ይፈለጋል። ጭሱ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ12 እስከ 15 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ የቀረው ጥቂት ኦክስጅን፣ ሌሎች ቆሻሻ ጋዞችና ውኃ ነው። ውኃው ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ ከስሌት ውጭ ማድረግ ይቀናል። ለብዙ ዓመታት አብዛኛው የማጣራት ሥራ ጭሱን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ብቻ አድርጎ ነው ያሰበው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ውኃን ማስላት ያስመርራል። የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ቀዳዳው ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ለረጅም ጊዜ ባዶ የነበረው ክፍል አንዴ ጥቂት ውኃ ከገባበት በኋላ ድንገት ይሞላል። ያን ለመያዝ ስሌቱ እጅግ ረጅም መሆን አለበት። በመቶ ሺህ ቁስ ስታባዙት ኮምፒውተሩም ጊዜውም አይበቃም።

ግን ውኃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወደውን ቦታ ይወዳል፣ ያውም አብልጦ። በተለይ ክፍት የብረት ቦታ ያላቸው ሞፎች፣ ማለትም ብረቱ አንድ ጎኑን ለጋዝ ክፍት የሚተውባቸው፣ በደረቅ ስሌት፣ ማለትም ውኃ ባልገባበት ስሌት ላይ ሁልጊዜ ከላይ ናቸው። ማግኒዥየም ያለበትን ሞፍ-74 ብትወስዱ በደረቅ ጋዝ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስደንቃል። እርጥበት ሲመጣ ውኃው ብረቱ ላይ ይቀመጣል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቦታ ያጣል፣ ቁሱም እየዋለ እያደረ ይጎዳል። የደረቁ ዝርዝር አንደኛ እርጥቡ ጭስ ውስጥ ከመጨረሻዎቹ ጋር ይሰለፋል። ማሽኑ አልዋሸም። ስለ ውኃ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በ2019 ጥያቄውን የቀየሩ ሰዎች መጡ፣ ያን ጽሑፍ ዛሬም እየመላለስኩ አነበዋለሁ። ከ325,000 በላይ በኮምፒውተር የተገጣጠሙ ሞፎችን አጣርተው ጥሩዎቹን ለዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዝርዝሩን አትሞ ይሄዳል። እነሱ ግን ቆም ብለው፣ እነዚህ ጥሩዎች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚይዙበት ቦታ ምን ይመስላል? ብለው ጠየቁ። መድኃኒት ፈላጊዎች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ተውሰው የመያዣ ቦታዎቹን ቅርጽ እያነጻጸሩ በየዓይነቱ መደቡ። ከዓይነቶቹ አንዱ ሁለት ጠፍጣፋ የካርቦን ቀለበቶች በትይዩ የሚቆሙበት ነበር፣ በመሃላቸው 7 አንግስትሮም ገደማ ክፍተት ይዘው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያ መሃል በደንብ ይገባል፤ ውኃ ግን የሚይዘው ነገር የለውም፣ ምክንያቱም ቀለበቶቹ ሃይድሮጅን ቦንድ አይሰጡትም። ከዚያ ይህ ቅርጽ ያላቸውን ሁለት የአሉሚኒየም ሞፎች ሠርተው ለኩ። እርጥበቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመያዝ ችሎታቸውን አልቀነሰውም። ለእኔ ከዚያ ሥራ ትልቁ ነገር ቁሶቹ አይደሉም። በጅምላ ማጣራት የቦታ ቅርጽ ሊያስተምር መቻሉ ነው። የቁስ ስም ይረሳል፣ ሁለት ቀለበት በ7 አንግስትሮም ግን አንድ ኬሚስት በሌላ ብረትና በሌላ አገናኝ ሊሠራው የሚችል ሐሳብ ነው።

ስለ ካልፍ-20 ደግሞ ሳላወራ አላልፍም። ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ሺሚዙ ቡድን የሠራው ሞፍ ነው። ዚንክ፣ ትራያዞልና ኦክሳሌት፤ ሦስቱም በቀላሉ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። በ2021 ውጤቱ ሲታተም አንባቢን ያስደነቀው የሚይዘው መጠን አልነበረም፤ በዚያ በኩል መካከለኛ ነው። የአየሩ እርጥበት 40 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ከውኃ ይልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስቀድማል፣ በእንፋሎት ከ450,000 ዙር በላይ ተፈትኖም ጸንቷል፣ በብዛትም ሊመረት ይችላል። ዛሬ ባስፍ የተባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ ያመርተዋል፣ ስቫንቴ የተባለ ድርጅት ካርቦን ለመያዝ ይጠቀምበታል። በመያዣ መጠን ብቻ ደርድሩ ብትሉኝ ካልፍ-20 ከላይኛው ገጽ ላይ አይገኝም ነበር። ይህ ቁስ ፋብሪካ የገባው ደረቁ ጥያቄ ባልጠየቃቸው ነገሮች ነው፤ በጥንካሬ፣ በዋጋ፣ በእርጥበት። የኛ ሥራ ይህን መሰል ቁስ ከመንገድ እንዳይጥል ምን እናድርግ? ብዬ ብዙ ጊዜ እጨነቃለሁ። ጥሩ ቁስ ሳናገኝ መቅረታችን ያሳዝናል፣ በእጃችን ያለውን ጥሩ ቁስ በማይረባ መስፈርት መጣል ግን ያንገበግባል።

ውኃ ብቻም አይደለም። ናይትሮጅንም አለ። ናይትሮጅን ሁልጊዜ በስሌታችን ውስጥ ስለሚገኝ የተረሳ አይመስልም። ግን እንደ ተሸናፊ ብቻ ነው የምናየው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንት እጥፍ ይበልጠዋል ብለን መራጭነት የምንለውን ቁጥር እናወጣለን፣ አለቀ። ፋብሪካው ውስጥ ያለው ግን ዙር ነው። ቁሱ የተሞላበት ቱቦ ጭስ ይገባበታል፣ ይሞላል፣ ከዚያ በቫኪዩም ይመጠጣል። የሚመጠጠው ጋዝ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲሆን ቁሱ ላይ የተጣበቀው ናይትሮጅን አስቀድሞ መውጣት አለበት። በጭሱ ውስጥ ናይትሮጅኑ በጣም ስለሚበዛ፣ ቁሱ ለናይትሮጅን ትንሽ እንኳ ፍቅር ካለው ቱቦው በሱ ይሞላል፣ ምርቱን ያቆሽሻል፣ ለማስወጣትም ኃይል ይወጣል። በ2020 የታተመ አንድ ሥራ 1,632 በእውን የተሠሩ ሞፎችን ወስዶ ዙሩን በሙሉ አስልቷል፤ ቱቦውን፣ ግፊቱን፣ ቫኪዩሙን። ከእነዚህ ውስጥ 482ቱ 95 በመቶ ንጽሕናና 90 በመቶ የመያዝ መጠን የሚለውን መስፈርት አሟሉ። አንድ ቁስ ማሟላት አለማሟላቱን ከሁሉ በተሻለ የሚናገረው ነገር ቢፈለግ የናይትሮጅኑ ባሕርይ ሆኖ ተገኘ። ሁላችንም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ላይ አፍጥጠን ቁልፉ ናይትሮጅኑ ዘንድ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ በመራጭነት ብቻ የተደረደረ ሠንጠረዥ አምኖ መቀበል የሚከብደው ይመስለኛል፤ እኔን ከብዶኛል።

አሁን ደግሞ ማንም ማውራት የማይወደው ክፍል፣ ፋይሎቹ። ከላይ ክሪስታሉ ፋይል ይከፈታል ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኩት። በተግባር ግን የሥራው ግማሽ እዚያ ነው። የክሪስታል መዋቅር የሚገኘው በኤክስሬይ ነው፣ ኤክስሬይ ደግሞ የሚያየው ኤሌክትሮን ነው። ሃይድሮጅን ያለው ኤሌክትሮን አንድ ብቻ ስለሆነ በደንብ አይታይም። ስለዚህ ብዙ ፋይሎች ውስጥ ሃይድሮጅን ይጎድላል። በሁለት አቅጣጫ የሚወዛወዝ ቀለበት ደግሞ ሁለቴ ተስሎ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ ይገኛል። ቀዳዳው ውስጥ ሲሠራ የገባ ፈሳሽ አለ፣ እሱን የሚያጸዳ ፕሮግራም አለ፣ ፕሮግራሙ አንዳንዴ ፈሳሹን ሲጠርግ ቻርጁን ሚዛን ላይ ያቆመውን አየንም አብሮ ይጠርገዋል።

አንድ ምሳሌ ብቻ። ሁለት ብረቶችን የሚያገናኝ ኦክስጅን አለ እንበል፣ በእውን ሃይድሮጅን የያዘ። ፋይሉ ላይ ሃይድሮጅኑ ጠፋ። ኮምፒውተሩ አሁን የሚያየው እርቃኑን የቀረ ኦክስጅንና ሊኖረው የማይችል ቻርጅ የተሸከመ ብረት ነው። ቻርጁን ለአቶሞቹ ሲያከፋፍል ኦክስጅኑ ከልክ በላይ አሉታዊ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀርብ ይጎትተዋል። መራጭነቱ ሰማይ ይነካል። ቁሱ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቁስ በእውኑ ዓለም የለም! በቅርቡ የታወቁ የሞፍ ዳታቤዞችን አንድ በአንድ የፈተሹ ተመራማሪዎች በአብዛኞቹ ውስጥ ስሕተት ያለባቸው መዋቅሮች ከ40 በመቶ በላይ ሆነው አግኝተዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እነዚህ ዳታቤዞች የተሰበሰቡት በቅን ልብ ነው፣ ያለ እነሱ ይህ መስክ አይኖርም ነበር፣ አመስጋኝ ነኝ። ግን ማጣራቱ ራሱ ስሕተትን ይወዳል። ከመቶ ሺህ ውስጥ እጅግ የተለየውን አምጣ ስትሉት፣ እጅግ የተለየው ብዙ ጊዜ የተበላሸው ፋይል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ባማረ ቁጥር ፋይሉን ከፍቼ አቶም በአቶም አያለሁ፤ ብረቱ ስንት ጎረቤት አለው፣ ኦክስጅኑ ሃይድሮጅን ይጎድለዋል ወይ፣ ቀለበቱ ስድስት ካርቦን ነው ወይስ ዘጠኝ። አሰልቺ ነው። ከዚህ የሚጠቅም ሥራ ግን ብዙ አላውቅም።

ላብራቶሪው መልሱን ያረጋግጥልናል እንላለን። ያረጋግጣል፣ ግን እሱም ይለያያል። በ2017 ሾልና ባልደረቦቹ በሞፎች ላይ የተለካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መረጃ ሰብስበው አንድ ዓይነት ቁስ በተለያየ ቦታ ሲለካ ምን ያህል እንደሚስማማ አዩ። ወደ 20 በመቶ የሚሆነው ልኬት ከሌሎቹ ያፈነገጠ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለመወቃቀስ አይደለም። ዱቄቱ በደንብ ካልደረቀ፣ ቀዳዳው ውስጥ ፈሳሽ ከቀረ፣ ክሪስታሉ በከፊል ከፈረሰ ልኬቱ ይለያል። ስሌታችን ከአንድ ልኬት ጋር ስለገጠመ ብቻ መጨፈር አያስፈልግም፤ ስላልገጠመም ስሌቱን መጣል አያስፈልግም።

ማሽን ለርኒንግስ፣ ኮምፒውተር ከመረጃ ራሱ እንዲማር የሚደረግበት ዘዴ? ስለሱ በየቀኑ እጠየቃለሁ። ጠቃሚ ነው፣ በጣም። ጥቂት ሺህ ቁሶችን በከባዱ ስሌት ታሰላላችሁ፣ ሞዴሉ ከቀዳዳ ስፋት፣ ከባዶ ቦታ መጠን፣ ከአቶሞቹ ዓይነት እየተማረ የቀሩትን መቶ ሺዎች በሰኮንዶች ይገምታል። ግን የሚማረው ከሰጠነው ነው። ደረቅ ስሌት ከሰጠነው ደረቅ መልስ ይማራል፣ የጎደለ ሃይድሮጅን ከሰጠነው እሱንም እንደ ጥሩ ነገር ይማራል። ተስፋ የሚሰጠኝ መረጃው ራሱ እየተቀየረ መሆኑ ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታና የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ጆርጂያ ቴክ በ2023 ያወጡት ኦፕንዳክ የተባለ መረጃ ከ8,400 በላይ ሞፎች ላይ የተሠሩ ከ38 ሚሊዮን በላይ የኳንተም ስሌቶችን ይዟል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ሳይሆን ውኃም አለበት። ዓላማው ከጭስ ሳይሆን በቀጥታ ከአየር ካርቦን መያዝ ነው፤ እዚያ ደግሞ ውኃን መርሳት ጭራሽ አይታሰብም፣ ምክንያቱም አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ 400 እና ትንሽ ፈቀቅ ያለ ብቻ ሲሆን ውኃው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እነዚያ ስሌቶች ክፍት መሆናቸው ሌላው ደስታዬ ነው። ትልቅ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪም አውርዶ ሊሠራባቸው ይችላል።

ከሌሎች አጣሪዎች የምፈልገው ብዙ አይደለም። ዝርዝራችሁን ስታወጡ የጣላችኋቸውንም አውጡ፣ ከነምክንያታቸው። ይህኛው ቀዳዳው ስለጠበበ፣ ያኛው ፋይሉ ስለተበላሸ፣ ሌላው መራጭነቱ ከወሰኑ በትንሽ ስላነሰ። ካልፍ-20ን የመሰለ ቁስ የሚገኘው ከዚያ ከሦስተኛው ቡድን ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በአንድ ቁጥር ትንሽ አንሶ በሌላው ሁሉ ጠንካራ የሆነው ዘንድ። ዛሬ ግን የተጣሉት ፋይሎች የማንም ኮምፒውተር ላይ ቀርተው ይጠፋሉ፣ ቀጣዩ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

እኔ በበኩሌ ያሁኑን ዙር በውኃ ጀምሬዋለሁ። ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ከዊዶሙ ጀምሮ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጎን የውኃው መሳሳብም ይሰላል፣ ውኃው ከልክ በላይ የሚጣበቅበት ቁስ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ዊዶም አንድን ሞለኪውል ብቻ ስለሚያይ የውኃዎቹን እርስ በርስ መያያዝ አይነግረኝም፣ ያን ለመጨረሻዎቹ ጥቂቶች በረጅሙ ስሌት አየዋለሁ። በዚህ ምክንያት መቶ ሺህ ቁስ አልነካም። ፋይላቸው የተፈተሸ፣ ሃይድሮጅናቸው የተሟላ ጥቂት ሺዎች ብቻ ናቸው ወረፋው ላይ ያሉት። ቁጥሩ ርዕስ ላይ ሲጻፍ አያምርም፣ አውቃለሁ። ግን ከዚህ ወረፋ የሚወጣውን ቁስ ዱቄት ለሚቀምሙት ሰዎች ስሰጥ፣ እርጥብ ጭስ ውስጥ ምን ይሆናል ብለው ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው ቁጥር ይኖረኛል።